ቀላል እስራት፣ ከባድ ቅጽ፦ የአንድ በያጅ ጉዳይ ከደብረ ብርሃን

ባለጉዳዩ ከደብረ ሲና በላይ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ያደገ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በእርሻ ድንበር በተነሣ ጠብ የጎረቤቱን ልጅ በዱላ መትቶ ክንዱን ሰበረው። የወረዳው ፍርድ ቤት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ጥፋተኛ አለውና የቀደመ ጥፋት ስላልነበረበት በ3 ዓመት እስራት ቀጣው። ሁለቱን ዓመት ደብረ ብርሃን ማረሚያ ቤት ታስሮ በመጋቢት 2011 በአመክሮ ወጣ። ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል በበያጅነት የተቀጠረው በጥቅምት 2015 ነው። በመካከሉ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ አለፈ። ከዚያ ውስጥ ሕጉ ያስጠበቀው ከፊሉን ነው፤ የቀረውን የበላው የወረቀት ቅደም ተከተል መዛባት ነው።

የመጀመሪያው ሥራና 41ኛው ቀን

የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ከተመረቀ በኋላ ከተማዋ ውስጥ የቅጥር ማስታወቂያ በየሰሌዳው ነበር። ባለጉዳዩ በኅዳር 2012 በአንድ ፋብሪካ ለማሽን ኦፕሬተርነት ተመዘገበ። ቅጹ ላይ «በወንጀል ተከሰው ተፈርዶብዎት ያውቃሉ?» የሚል መስመር አለ። «የለም» ብሎ ሞላ። ፋብሪካው ሰው ስለቸኮለበት «ሥራ ጀምሩ፣ አሻራውን በአንድ ወር ውስጥ ታመጣላችሁ» አለ። እሱም ነገ ዛሬ እያለ ቆየ። በመጨረሻ ሄዶ አሻራ ሰጠ፣ ፍርዱን የሚያሳየው የፖሊስ ውጤትም መጣ፤ በ41ኛው የሥራ ቀን ተሰናበተ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የስንብት ደብዳቤው ምክንያት ብሎ የጻፈው ፍርዱን አልነበረም፤ «የሐሰት መረጃ በመስጠት» ነበር የሚለው። ቦታው ገንዘብም ንብረትም የሚያስይዝ ስላልነበረ አስቀድሞ ቢናገር ቢያንስ ይታይለት ነበር። አሁን ግን በአንድ የድሮ ጠብ ላይ አንድ ትኩስ ውሸት ተጨመረ። ጠቡን በዕድሜና በንዴት ማስረዳት ይቻላል፤ በቀዝቃዛ ጭንቅላት ቅጽ ላይ የተጻፈ ውሸት ግን ማስተባበያ የለውም። ተደብቀው ቢያረግዙ ሰው ሰብስበው ይወልዱ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ለመክሰስ አስቦ ነበር፤ ቢከስም አያዋጣውም ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደለም የተባለን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላል። በ41ኛው ቀን የተሰናበተ ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር የለም።

የፍርዱን ግልባጭ ማንበብ

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በቀን ሥራና በአንድ ዘመዱ የብረታ ብረት ቤት አለፈ። ሥራው ጠቀመው፤ ብየዳውን ማረሚያ ቤት ጀምሮት ስለነበር እጁ ተፍታታ። የወረቀቱ ጉዳይ ግን ባለበት ነበር። ከፍርዱ ጋር የተያያዘ በእጁ ያለው ማስረጃ የመፈቻ ወረቀቱ ብቻ ነው። ሰው ሲጠይቀው «ሦስት ዓመት ጽኑ» ይላል፤ ማረሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ይል ስለነበር።

ግልባጩን ሲያወጣ ግን የተጻፈው «ቀላል እስራት» ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት ይጀምርና እስከ 25 ዓመት ይሄዳል። አንቀጽ 555 ደግሞ እንደ ነገሩ ሁኔታ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ስለዚህ «3 ዓመት» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ በሁለቱም ውስጥ ይወድቃል። የሚነግርህ ከቁጥሩ በኋላ ያለው ቃል ነው፤ ቀጥሎ እንደሚታየው ያቺ አንዲት ቃል የሦስት ዓመት ዋጋ ነበራት።

ግልባጭ የሚወጣው ፍርዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። የሚጠየቀው በመዝገብ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የማያስታውስ ሰው የመፈቻ ወረቀቱን ይመልከት፣ የባለጉዳዩ ቁጥር የተገኘው እዚያ ላይ ነበር። አራት ገጽ ነው የወጣለት፣ ማኅተሙ ግን ያረፈው በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነበር። በኋላ ፖሊስ «የፊተኞቹ ገጾች ከዚህ ስለመሆናቸው ምን ማረጋገጫ አለን?» ብሎ መለሰው፤ ለአንድ ማኅተም ከደብረ ብርሃን ወደ ወረዳው አንድ ቀን ሙሉ ተመላለሰ። በየገጹ ማኅተም፣ ሁለት ቅጂ። መስኮቱን ለቀህ ከመሄድህ በፊት ቁጠር።

መሰየም፣ ከይቅርታ የተለየ በር

መሰየም የሚለው ቃል ለተራው ሰው ሹመት ይመስላል። በወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ያለው መሰየም ግን ሌላ ነው፤ ቅጣቱን የጨረሰና ጠባዩን ያሳመረ ሰው ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ላይ ተሰርዞለት ለወደፊቱ እንዳልነበረ እንዲቆጠርለት ፍርድ ቤት የሚወስነው ውሳኔ ነው። ዋናው የጊዜ መስፈርት፣ ቅጣቱ ካበቃ ጀምሮ፣ ለጽኑ እስራት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለሌላው ቢያንስ 2 ዓመት ነው። የባለጉዳያችን ፍርድ «ጽኑ» ቢሆን ኖሮ እስከ 2017 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ቀላል ስለሆነና ሦስት ዓመቱ ሙሉ የሚያልቀው በመጋቢት 2012 ስለሆነ፣ እጅግ በጥንቃቄ ቢቆጠር እንኳ በመጋቢት 2014 ሁለት ዓመቱ ሞላ። ከጊዜው ሌላ ሕጉ በፍርዱ የመጡትን ግዴታዎች፣ ካሳን ጨምሮ፣ ከሰውየው በሚጠበቀው መጠን መፈጸምንና በመካከሉ መልካም ጠባይ ማሳየትን ይጠይቃል።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ በጥር 2014 ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ለሚቀመጥ ጸሐፊ ከፍሎ አጻፈ። ጸሐፊው «ይቅርታ እንዲደረግልኝ» ብሎ ጻፈለት። ይቅርታ የሚሰጠው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የሚቀርበው ለሌላ አካል ሆኖ ቅጣትን የሚመለከት ነው። ይህ ሰው ደግሞ ቅጣቱን ጨርሷል፣ ይቅር የሚባልለት የቀረ ነገር የለም። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን አይቶ መዝገብ ሳይከፍት መለሰው። ባለጉዳዩ ተናዶ ነበር፤ እንደ እኛ አስተያየት ግን ዕድለኛ ነው። መዝገብ ተከፍቶ፣ ጊዜውም ሳይሞላ፣ በፍርድ ውድቅ ቢደረግ ኖሮ ወዲያው መልሶ ማመልከት አይችልም ነበር።

በሚያዝያ የቀረበው ሁለተኛው ማመልከቻ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፦ የመዝገቡ ቁጥር፣ የተፈረደበት ቀንና አንቀጽ፣ የቅጣቱ ዓይነትና መጠን፣ የተፈታበት ቀን፣ ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ፣ እና «በወንጀል ሕጉ መሠረት እንድሰየም» የሚል ግልጽ ዳኝነት። ከዚህ ጋር ግልባጩ፣ የመፈቻ ወረቀቱ፣ ከሚኖርበት ቀበሌ የተጻፈ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ተያያዘ። ቀበሌው ደብዳቤውን ለመጻፍ መጀመሪያ ነዋሪነቱን ማወቅ ፈለገ፤ የገጠሩ መታወቂያው ታስሮ ሳለ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ አምጥቶ የከተማ መታወቂያ እስኪያወጣ አምስት ሳምንት ሄደ። ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ሰው ከተማ መግባቱ ካልቀረ መሸኛውን በመጀመሪያው ሳምንት ቢይዝ ይሻለዋል።

ዐቃቤ ሕጉ አስተያየት ሲጠየቅ አንድ ነገር አነሣ፦ የተጎዳው ሰው ካሳ አግኝቷል ወይ? አግኝቷል። በ2011 ሰኔ አራት የአገር ሽማግሌዎችና አንድ ካህን ተቀምጠው አስታርቀዋቸዋል፤ 18,000 ብር በሁለት ጊዜ ተከፍሏል፤ ምሳ ተበልቷል። ወረቀት ግን የለም። በሰሜን ሸዋ ገጠር ዕርቅ የሚጸናው በሰው ፊት ነው፤ ዕርቅን ማጻፍ አለማመን ይመስላል። ለነፍስና ለሰላም ይህ ይበቃል፣ ለመዝገብ ግን አይበቃም። ባለጉዳዩ እንዲፈረምለት ራሱ አልሄደም፤ ይህ ትክክል ነበር። የመታው ሰው ወረቀት ይዞ ደጃፍ ሲቆም ነገሩ እንደ አዲስ ሊቀሰቀስ ይችላል። የሄዱት ከአስታራቂዎቹ ሁለቱ ናቸው። ዕርቁ የተፈጸመበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ በአኃዝና በፊደል፣ የአራቱ ሽማግሌዎች ስምና ፊርማ፣ የተጎጂው ፊርማ፣ ከሥሩ የቀበሌው ማኅተም ሰፈረበት። ገንዘቡ ሲከፈል ተጽፎ ቢሆን ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2014 መጨረሻ ሰየመው። ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ቢሆን የፍርድ ቤቱ የክረምት ዕረፍት ይደርስበት ነበር።

ትዕዛዙ በኪስ ውስጥ አይሠራም

ሰኔ ላይ ውሳኔውን ይዞ ወጣና አጣጥፎ አስቀመጠው። አለቀ ብሎ አመነ። መዝገብ ግን በራሱ አይሰረዝም፤ ውሳኔው ከፍርድ ቤቱ በደብዳቤ መሸኘት፣ ፖሊስ ዘንድ መድረስ፣ እዚያም መዝገቡን የያዘው ክፍል ሊፈጽመው ይገባል። በመስከረም ሲነገረው ከሬጅስትራሩ ሸኚ ደብዳቤ አስጽፎ ለዞኑ ፖሊስ ገቢ አደረገ፣ የገቢ ቁጥሩንም በራሱ ቅጂ ላይ አስጻፈ። ያ ቁጥር በኋላ ብዙ ሠራ። ነገር ግን በዞን ያለው ሲስተካከል በበላይ ያለው የመረጃ ቋት ወዲያው አልተስተካከለም። አሻራ ሲታሰስ የሚመለሰው ከየትኛው ቋት እንደሆነ ባለጉዳዩ ሊያውቅ ስለማይችል፣ የውሳኔውን ቅጂ ከክልልም ከፌዴራልም ማድረስ ነበረበት። ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛው ቅጥር

የጥገና በያጅ ማስታወቂያ በጥቅምት 2015 መጀመሪያ ወጣ። የሚጠይቀው በብረታ ብረት የደረጃ 2 የብቃት ማረጋገጫ እና የሁለት ዓመት ልምድ ነው።

ማረሚያ ቤት የወሰደው ሥልጠና የምስክር ወረቀት በራሱ ላይ የማረሚያ ቤቱ ስም አለበት፤ ገና በር ላይ ታሪኩን ይናገራል። የምዘናው የሲ.ኦ.ሲ. (የብቃት ማረጋገጫ) ወረቀት ግን የሚመሰክረው ብቃትን ብቻ ነው፤ የት እንደሠለጠነ አይናገርም። ያስገባው ሁለተኛውን ነው። ይህ መደበቅ አይደለም፤ የተጠየቀው እሱ ነው። የልምድ ደብዳቤው ላይ ግን ችግር ነበር። ዘመዱ የጻፈለት ወረቀት ማኅተም ነበረው፣ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም፤ ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ያለ እሱ በብዙ ቦታ አይያዝም። ከሁለት ዓመቱ ግብር የተከፈለበት 14 ወር ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተግባር ፈተናው አዳነው፦ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሁለት ሳህን በቲ ቅርጽ፣ በ3.2 ኤሌክትሮድ፣ አንዱን ጎን በተኛበት ሌላውን በቆመበት። የጥገናው ኃላፊ ብየዳውን በመዶሻ ሰብሮ አየው፤ ወደ ሥሩ ገብቷል። «የጎደለውን ወር እኔ እናገራለሁ» አለ።

መናገሩ መቼ ይሁን? እኛ የምንለው ከተግባር ፈተናው በኋላ፣ ከአሻራው በፊት ነው። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ የተጻፈ ታሪክ ሰውየውን ሳያዩት ከክምሩ ያስወጣዋል፤ ከአሻራው በኋላ የሚነገር ደግሞ የተያዘ ሰው ንግግር ነው። ቅጹ ላይ ያለው ያው የድሮው ጥያቄ ነበር። የተሰየመ ሰው ፍርዱ እንዳልነበረ ስለሚቆጠር «የለም» ብሎ መሙላት ይችል ነበር፤ በሕግ ሐሰት አይሆንበትም። ግን ቋቱ መስተካከሉን ስላላወቀና አንዴ ስለተቃጠለ፣ መስመሩን ባዶ አልተወም፣ «የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዣለሁ፣ በአካል አቀርባለሁ» ብሎ ጻፈ። ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ያለው ይህ ነበር፦

«እትዬ፣ ወደ አሻራ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። በ2009 በጠብ ሰው መትቼ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ተፈርዶብኝ ነበር። ጨርሼ ወጥቻለሁ፣ ከሰውየው ጋር ታርቀናል፣ ፍርድ ቤቱም ሰይሞኛል፤ ውሳኔው ይኸው። ከመዝገብ ገና ካልተነሣ እንዳይደናገርዎት ብዬ ነው።»

እሷ ውሳኔውን ከማንበቧ በፊት ጠየቀችው፦ «የተጣላኸው ከሥራ ባልደረባ ጋር ነው?»

«አይደለም። የመሬት ድንበር ነው።»

ጥያቄዋ የአሠሪን ስጋት በትክክል ያሳያል። ወርክሾፕ መዶሻና ብረት ያለበት ቦታ ነው፤ ኃላፊዋን ያስጨነቃት የአንቀጹ ቁጥር ሳይሆን ሰውየው ከአለቃው ጋር ቢጋጭ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በሌላ ጥፋት የተፈረደበት ሰውም ለራሱ ጥፋት የሚመጣውን ይህን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ረጅም ታሪክ፣ «እሱ ነው የጀመረኝ» የሚል ክርክር፣ እንባ፤ ሦስቱም ይጎዳሉ።

አሻራው እንደተፈራው ፍርዱን ይዞ ተመለሰ። ኃላፊዋ ግን አልደነገጠችም፤ ውሳኔውንና የዞኑን የገቢ ቁጥር ይዛ ፋይሉን ለ15 ቀን ክፍት አቆየችው። በ12ኛው ቀን የታረመ ማስረጃ መጣ።

ተያዥ

ከአሻራው የባሰው ተያዥ ነበር። ፋብሪካው ቋሚ ደመወዝ ያለው አንድ ተያዥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ይፈልጋል። ታስሮ ለወጣ ሰው ዘመድ ምግብ ይሰጣል፣ ማደሪያ ይሰጣል፤ ፊርማ ሲሆን ግን እጁ ይከብዳል። የእኅቱ ባል መምህር ነው፤ ቅጹን አንብቦ መለሰው። እውነቱን ነው፦ ቅጹ «ሠራተኛው ለሚያደርሰው ማናቸውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል። ይህን ማን ይፈርማል?

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል ፈራሽ ነው። ስለዚህ ያ ቅጽ ተያዡን ያስፈራል እንጂ አሠሪውን እንኳ አይጠቅምም። ባለጉዳዩ ይህን ለኃላፊዋ በክርክር መልክ አላቀረበም፤ «ተያዤ መጠኑ ይጻፍልኝ ይላል» ብቻ አለ። በእጅ «እስከ 30,000 ብር» ተጨመረበት፣ ሁለቱም ወገን ከጎኑ ፈረሙበት። መምህሩ በማግሥቱ ፈረመ። የፈራው እስር ቤቱን ሳይሆን ጫፍ የሌለውን ዕዳ ነበር። ይህ ብልሃት ላልታሰረም ሰው ይሠራል።

የጤና ምርመራው ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ዓይንና ደረት ነው የታየው። 60 የሥራ ቀኑን ጨርሶ ቋሚ ሆነ። በአራተኛው ወር አንድ የአገሩ ልጅ ወርክሾፕ ውስጥ «የወኅኒ ሰው» እያለ ጀመረ። የተሰየመን ሰው በክፋት የድሮ ፍርዱን እያነሡ መዝለፍ በወንጀል ሕጉ ስም ማጥፋት ነው። ኃላፊዋ ይህን ለዘላፊው በቢሮ ነገረችው፣ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ይህ መንገድ የማይመጥናቸው

በስርቆት፣ በማታለል ወይም በእምነት ማጉደል የተፈረደበት ሰው ከዚህ የተለየ ግድግዳ ይገጥመዋል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 እነዚህን ሦስቱን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ቅጥር ያስቀር ነበር፤ ስለዚህ የመንግሥት ቦታ የሚፈልግ ሰው ከማመልከቱ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የፌዴራል ወይም የክልል አዋጅ ማንበብ አለበት። በግሉም ዘርፍ ከንብረት ክፍልና ከካሸርነት ርቆ እንደ ብየዳ፣ ግንበኝነት፣ ሽመና ያለ እጅ የሚመሰክርበት ሙያ ቢመርጥ ይቀለዋል። የጥበቃ ሥራ ለድብደባ ፍርደኛ አይመከርም፣ መሣሪያ አለበት።

ተከሶ ነጻ የወጣ ወይም ክሱ የተቋረጠለት ደግሞ «ተፈርዶብዎት ያውቃሉ?» ለሚለው «የለም» ይበል፣ እውነት ነውና። «ተከሰው ያውቃሉ?» ከተባለ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሁለቱን ቃላት ለይቶ ማንበብ ያሻል። የአሻራ ማስረጃው ላይ የድሮ ምርመራ ሊወጣበት ስለሚችል ነጻ የተባለበትን ውሳኔ፣ ወይም ክሱ ስለመቋረጡ የዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ በእጁ ይያዝ።

እንደ አጣዬ ባሉ በ2013 ዓ.ም. ቃጠሎ በደረሰባቸው ከተሞች አካባቢ ጉዳዩ የታየለት ሰው መዝገቡን ቢያጣው ወደ ማረሚያ ቤቱ ይሂድ። ማረሚያ ቤት ማንንም የሚቀበለው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው፤ ያ ትዕዛዝ የቅጣቱን ዓይነትና መጠን ይዞ በእስረኛው ማህደር ውስጥ ይቀመጣል። ቅጂው ማኅተም ተደርጎበት ሲወጣ የተቃጠለውን መዝገብ እንደገና ለማደራጀት መነሻ ይሆናል።